በጭቃ የመረግኩት ጀሪካን

ጀሪካን ያረግዛል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት ማገዶ ላወጣ ማድቤት ስገባ ግን፣ ጥግ ላይ ያስቀመጥኩት ቢጫ ጀሪካን ወሯ እንደ ገባ ሴት ሆዱን ወደ ፊት ገፍቶ ቁጭ ብሏል። አራት ማዕዘን ሆኖ የተሠራ ዕቃ ክብ ሆኗል። ታቹም ስላበጠ መሬት አልይዝ ብሎ፣ ማንም ሳይነካው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

ጠጋ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁት። ውስጡ ያንሾካሹካል። የአንድ ሰው ሹክሹክታ አይደለም፤ የቅዳሜ ገበያ ነው። ደንግጬ ወደ ኋላ ስመለስ ጉልቻ አደናቀፈኝ፤ ጀሪካኑም «ቷ!» አለ። እኔም «በስመ አብ!» አልኩ። ከዚያ ሁለታችንም ተያየን።

ሞት ብዙ መልክ እንዳለው ስሰማ ነው የኖርኩት። አፉ በጭቃ ተመርጎ፣ አንገቱ በጎማ ካላማዳሪያ ታስሮ የሚመጣ ሞት ግን እስከዚያ ጠዋት አላየሁም። የባሰው ደግሞ፣ የመረግኩትም ያሰርኩትም እኔው ነኝ።

ውስጡ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። ባክቴሪያ ነበር። ሃያ ሊትር ሙሉ ባክቴሪያ።

«ሴትዮዋ አብዳለች» እንዳትሉኝ ከሥሩ ልጀምር። ምስራቅ የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚዛን ተፈሪን የማስታወቂያ ሰሌዳ ሁሉ ስታነብ ኖረች። ሰሌዳ በማንበብ ደመወዝ ቢከፈል ኖሮ ዛሬ ፎቅ ነበረን። በመጨረሻ ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ፣ የገበሬዎች ማኅበር የሚያሠራው የእሸት ቡና ማጠቢያ ላይ ሥራ አገኘች። ቀይ ቡና በማሽን ይፈለፈላል፣ ሙጫው በውሃ ይታጠባል፣ ያ ውሃ ደግሞ ኩሬ ውስጥ ይጠራቀማል። የልጄ ሥራ ኩሬውን መጠበቅ ነው። እኔም «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ «ውሃ ላይ ናት» እላለሁ፤ አየር መንገድ ላይ ናት እንደማለት ደስ ይላል።

ኩሬው ግን ውሃ አይባልም። የቡና እጣቢ ሲቆይ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል፤ ሽታው ደግሞ ሰው ሳይደርስበት መንገድ ላይ ወጥቶ ይቀበላል። አምና ሞልቶ ወደ ወንዙ ፈስሶ፣ ታች ያሉት ሰዎች ከብቶቻቸው ውሃ አንጠጣም አሉ። ሽማግሌዎች መጡ፣ ከወረዳም ባለሙያዎች መጡ። «ዘንድሮ ኩሬው ካልጸዳ ማሽኑ ይቆማል» ተባለ። ማሽኑ ከቆመ ምስራቅም ወደ ሰሌዳዋ ትመለሳለች።

ታዲያ አንድ እሁድ ይህንን ጀሪካን በባጃጅ ጭና መጣች። ጥቁር፣ ማር ማር የሚል ነገር ሞልቶበታል።

«እማዬ፣ ማድቤትሽ ሞቃት ስለሆነ ዓርብ ድረስ እዚህ ይቀመጥልኝ። እዚያ ወንዙ ዳር ብርዱ አያስፈላልኝም።»

«ጠላ ነው?»

«አይደለም። በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ፍጥረታት ናቸው። በስኳር ዝቃጭ አራባናቸው። ኩሬው ውስጥ ሲገቡ ቆሻሻውን ይበሉታል።»

«ምን ይባላሉ?»

ልጄ እዚህ ላይ መዋሸት ነበረባት። አልዋሸችም። «ባክቴሪያም አለበት» አለችኝ።

እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት ሦስተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ የቀረውን የተማርኩት ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ ባክቴሪያ በሥዕል አለ፤ ጸጉራም፣ ብዙ እግር ያለው፣ ጥርሱ የወጣ። ጤና ኤክስቴንሽኗ በዱላ እየነካች «ይሄ ነው ልጆቻችሁን የሚጨርሰው» ስትለን ኖራለች። እጄን ታጠብኩ፣ ውሃ አፈላሁ፣ ሽንት ቤት አስቆፈርኩ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከቤቴ ሳባርረው የኖርኩትን ነገር ልጄ በጀሪካን ይዛልኝ መጣች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ይሄንን ነው።

«ቆሻሻውን በልተው ሲጨርሱስ ወደ ማን ይዞራሉ?» አልኳት።

«ምግቡ ሲያልቅ ይቀንሳሉ እማዬ። ድግስ ሲያልቅ እንግዳ ይበተን የለ?»

«ድግስ አልቆም የማይሄድ እንግዳ አውቃለሁ።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ እጄን ያዘች። «ሁለት ጊዜ ጨምረንበት ሽታው ጋብ ማለት ጀምሯል። ሦስተኛው ይሄ ነው። የወረዳ ሰዎቹ የዛሬ ሁለት ሳምንት ይመጣሉ፤ ዘሩ የሚመጣው ደግሞ ከሩቅ ነው፣ ሌላ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ በየጠዋቱ ክዳኑን ትንሽ ላላ አድርገሽ አስተንፍሺልኝ።»

አስተንፍሺልኝ! ሌባ ቤትሽ አስገብቼ ቆልፌልሻለሁ፣ ግን በየጠዋቱ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጊለት እንደማለት።

እሷ ስትሄድ ነገሩን ይዤ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ጋ ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ጠላ በመጥመቅ አርባ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። ነገሩን ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እንዲወጣ የማትፈልጊውን ነገር ምን ታደርጊዋለሽ? እኔ የጠላ ጋኔን በምን እከድናለሁ?»

«በምርጊት።»

«እህ! ታዲያ ይሄ ከጋን ይበልጣል?»

አመድ፣ ጭድና ጭቃ አቦካን። የጀሪካኑን አፍ አንድም ቀዳዳ ሳናስቀር መረግነው። እትዬ ዘነበች በመዳፋቸው አልሰውት «አሁን ጋኔንም ቢሆን አይወጣም» አሉ። እኔ ግን የእናት ነገር፣ በዚያ ላይ ፌስታል አልብሼ፣ ጎማ ከሚያድሰው ሰው በለመንኩት የካላማዳሪያ ቁራጭ ሰባት ጊዜ ጠምጥሜ አሰርኩት። ዶሮዎቼን ከማድቤት አስወጣሁ። እጄን አሥራ አንድ ጊዜ ታጠብኩ። ምስራቅ ማታ ደውላ «እያስተነፈስሽልኝ ነው?» ስትል «አታስቢ» አልኳት። «አታስቢ» ውሸት አይደለም፤ ምክር ነው።

ሰኞ ደህና ነበር። ማክሰኞ ጭቃው ተሰነጠቀ፤ ደፈንኩት። ረቡዕ እንደገና ተሰነጠቀ፤ «እልኸኛ ነው» ብዬ በእበት ጭምር ደፈንኩት። ሐሙስ ያረገዘውን አየሁ።

ደወልኩላት።

«ምስራቅዬ፣ ጀሪካንሽ ትንሽ… ወፈር ብሏል።»

«ወፈር? እማዬ፣ አስተንፍሰሽዋል አይደል?»

«አታስቢ» አልኳት።

«ምን አደረግሽው?»

«መረግኩት።»

«ምን?»

«በጭቃ። እንደ ጋን።»

ኔትዎርክ የተቆረጠ መሰለኝ፤ ለካ ልጄ ናት የተቆረጠችው። ቆይታ በቀጭን ድምፅ «እማዬ፣ አየር እያመረቱ ነው። ቀስ ብለሽ ካልከፈትሽው ይፈነዳል» አለች። «ከፈነዳ ደግሞ አለቀልኝ።»

ቢላ ይዤ ገባሁ። ካላማዳሪያው በእብጠቱ ተወጥሮ የፕላስቲኩ ሥጋ ውስጥ ሰጥሟል፤ ቋጠሮው አይታይም። ክዳኑን ብነካው እንደ ድንጋይ ሆኗል። ቢላውን ሳስጠጋ «ቷ!» አለኝ። ቢላውን አስቀመጥኩ። እንግዲህ የቀረኝ አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ለባለቤቱ ማድረስ።

በሰፈራችን ከድር የሚባል ባጃጅ ነጂ አለ። የስድስት ልጆች አባት ነው፣ ጢሙን ሂና ይቀባል፣ ከኔ ጋር አንድ ዕድሜ ነን። ጀሪካኑን በጋቢ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌ ስወጣ ዓይኑን አጠበበ።

«የምስራቅ እናት፣ ምንድን ነው?»

«ውሃ።»

«ውሃ እንዲህ ይወፍራል?»

«ከድር፣ የልጄ እንጀራ ነው። ሳትጠይቀኝ ቀስ ብለህ ንዳ።»

«ቀስ ማለቱን እኔ እችላለሁ፤ መንገዱን ማን ይለምንልሽ?»

እውነቱን ነው። የኛ መንገድ ጉድጓዱ ከመንገዱ ይበዛል። በየጉድጓዱ ጀሪካኑ ከጭኔ ላይ ይነሣል፣ እኔም አብሬው እነሣለሁ፣ ስንወርድ ውስጥ ያሉት ያጉረመርማሉ። ፀሐይዋ ደግሞ ያን ዕለት ብቻ ትዝ ብሏት ወጥታለች። ሚዛን ላይ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ሲያማርረን ኖሮ እኔ «ጌታዬ፣ አንዴ ብቻ አካፋልኝ» እያልኩ ነው፤ ሙቀት ሲነካው ሲያብጥ በእጄ ይሰማኛል።

ከከተማው ሳንወጣ ከድር አንዲት ጎደሬ የያዘች ሴት ጫነ። ባጃጅ ነጂ ወደ ሞትም ቢሄድ መንገድ ላይ ሰው ይጭናል። ሴትዮዋ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጋቢውን አየች፣ ፊቷ በራ።

«እሰይ! እግዜር ያሳድግልሽ። ስንት ወሩ ነው?»

ምን ልበል? «አራት ቀኑ ነው» አልኩ።

«በአራት ቀኑ እንዲህ? አቤት ሲጠግብ! አባቱ ግዙፍ ነው መሰለኝ።»

ከድር በመስታወቱ አየኝና ሳቁን ዋጠ። ጀሪካኑ በዚህ መሀል በምርጊቱ ስንጥቅ ረዘም አድርጎ «ጭስስስስ» አለ።

«ጉንፋን ይዞታል» አለች ሴትዮዋ በሐዘኔታ። «ለአራስ ነፋስ አይሆንም፣ ሸፈን አድርጊው።» ይህን ብላ እኔን ለመርዳት ጋቢውን ሳብ አደረገችው። ቢጫው ጎኑ ብቅ አለ።

«ውይ! የወፍ በሽታ!» ብላ ጮኸች።

ያን ጊዜ ነው ሦስተኛውና ትልቁ «ቷ!» የመጣው። ሴትዮዋ «ወራጅ!» አለች። ባጃጁ ሳይቆም ነው የወረደችው። ጎደሬዋ እኔ እግር ሥር ቀረ፤ ብንጠራት ብንጠራት ወደ ኋላ አላየችም።

ከድር መንገድ ዳር አቆመ። ዞሮ አየኝ።

«አሁን ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ባክቴሪያውን፣ ኩሬውን፣ ምርጊቱን፣ ሁሉንም። ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና «እና ይሄ ሁሉ ሲፈነዳ እኔ ፊት ለፊት ነኝ ማለት ነው?» አለ።

«አይ፣ አንተ ጀርባህ ነው የሚመታው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ነዳ። እንዲህ ያለ ሰው ይባረክ። ልጅ ያለው ሰው የልጅን ነገር ብዙ አያስረዱትም።

ኬላ ደረስን። መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ጠባቂው ጎረምሳ ነው፣ ጠመንጃውን ከኔ ጀሪካን ባነሰ ጥንቃቄ ነው የያዘው።

«እማማ፣ ምንድን ነው የያዙት?»

እማማ አለኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። በንዴት እውነቱ አመለጠኝ፤ «ባክቴሪያ!» አልኩት።

«አረቄ ነው?»

«አረቄ ቢሆን እኔን ትጭነኝ ነበር?» አለ ከድር ቆቡን እያስተካከለ። «እኔ የምጭነው እሷን አይደል? ተምታታብኝ። ብቻ አረቄ አይደለም።»

ጎረምሳው ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ፊቱ በራ። «ጠጅ ነው! ይከፈት።»

«ወንድሜ» አልኩት፣ «ከጠዋት ጀምሮ እንዲከፈት እየጸለይኩ ነው። ከቻልክ አንተ ክፈተው። ብቻ ቆይ፣ እኔና ከድር እዚያ ማዶ ዛፉ ሥር እንቁም።»

ከድር ከኔ ቀድሞ ዛፉ ጋ ደረሰ። ጎረምሳው እኛን አየ፣ ጀሪካኑን አየ፣ እንደገና እኛን አየ። እጁን ዘርግቶ በአንድ ጣት ነካው። ጀሪካኑ ከሆዱ ውስጥ ረጅም ጉርምርምታ አሰማው፤ እንደ ተራበ ሽማግሌ። ጎረምሳው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና ገመዱን ጣለ።

«እለፉ።»

«ደረሰኝ አትሰጠንም?» አለ ከድር፣ ቀልደኛ ነው።

«እለፉ ብያለሁ!»

ቡና የጫኑ መኪኖች ተሰልፈው ቆመው ሳለ እኛ እንደ ባለሥልጣን ብቻችንን አለፍን። በዕድሜዬ ኬላ እንዲህ ተከብሬ አልፌ አላውቅም።

ከዋናው መንገድ ስንታጠፍ የለመንኩት ዝናብ መጣ። የኛ አገር ዝናብ ሲለምኑት እንደ ዘመድ ነው፤ አርፍዶ መጥቶ ከሚበቃው በላይ ይቀመጣል። ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ተቀበረ። ከድር ወርዶ ሲገፋ እኔ ጀሪካኑን ታቅፌ ቁልቁል በእግሬ ቀጠልኩ። ሃያ ሊትር ነገር ታቅፎ በጭቃ መሄድ ምን እንደሆነ ውሃ የቀዳች ሴት ታውቃለች፤ ልዩነቱ ውሃ አይረግምሽም። «እባካችሁ ትንሽ ታገሡ» እያልኩ አዋራቸዋለሁ። «ምግባችሁ እዚያ ነው። እናንተም ቶሎ ትገባላችሁ፣ እኔም አርፋለሁ።» ምጥ የያዛትን ሴት እንደማባብል።

ማጠቢያው ጋ ስደርስ ምስራቅ በቦት ጫማ እየሮጠች መጣች። ከኋላዋ የማጠቢያው ዘበኛ አቶ ጴጥሮስ አሉ፤ ሽምግልና የጀመራቸው፣ ቁጥብ የቤንች ሰው ናቸው። ጀሪካኑን ዞረው ዞረው አዩት። ጭቃውን በጥፍራቸው ጫር አደረጉ።

«ማን ነው የመረገው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«ጥሩ አድርገሽ ነው የመረግሽው» አሉ። «ግን ጋን በገላው ይተነፍሳል። ይሄ አፍንጫ የለውም።»

አርባ ዓመት የጠመቁት እትዬ ዘነበችና እኔ ያላሰብነውን ሰውዬው በአንዴ ተናገሩት። ሸክላ ላብ ያወጣል፣ ይተነፍሳል፤ ፕላስቲክ ግን የዋጠውን አይተፋም። ይህን ሳላውቅ ነው ያን ሁሉ ነፍስ አፍኜ የያዝኩት።

አቶ ጴጥሮስ ገጀራቸውን አወጡ። «ካላማዳሪያውን በጫፉ እበጥሰዋለሁ። እዚህ ግን አይሆንም፤ ሜዳ ላይ ፈስሶ ይቀራል። ኩሬው አፋፍ ላይ እናድርገው።»

ወደ አፋፉ ሄድን። አፋፉ ቀይ አፈር ነው፣ ዝናቡ እንደ ቅቤ አድርጎታል።

«እማዬ፣ ስጪኝ፣ እኔ ልያዘው» አለች ምስራቅ።

«አንቺን ከሚመታሽ እኔን ይምታኝ።»

«እማዬ ልቀቂው!»

«አልለቅም!»

አልለቅም ያልኩት ለልጄ ነው፤ እግሬ ግን ለመሬቱ እሺ አለ። በቂጤ ቁጭ አልኩ። ጀሪካኑ ጭኔ ላይ ነው። ከዚያ እንደ ሕፃናት ሸርተቴ፣ በክብር፣ ቁልቁል ወደ ኩሬው መንሸራተት ጀመርኩ። ፍጥነቴ መጀመሪያ የሚያሳፍር አልነበረም። ለመነጋገር ጊዜ ነበረን። ምስራቅ «እማዬ!» አለች፣ ከድር ከላይ ደርሶ «ያ አላህ!» አለ፣ አቶ ጴጥሮስ ገጀራቸውን እንደያዙ «እግርሽን አንሺ» አሉኝ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ ግን አነሣሁ። እሱ ነው ያፈጠነኝ።

አንድ ነገር ብቻ አስታውሳለሁ። ጀሪካኑን ብወረውረው እኔ አፋፉ ላይ እቀራለሁ፤ እሱ ግን ድንጋይ ላይ ወድቆ ሜዳ ላይ ይፈሳል፣ የልጄም ሥራ አብሮት ይፈሳል። ስለዚህ አጥብቄ አቀፍኩት። ያቀፍኩት ሞት መሆኑን እያወቅኩ።

ኩሬው ወገቤ ድረስ ተቀበለኝ። ጀሪካኑ ሥሬ ገባ፣ ከራሴ ክብደት ጋር ተጋጨ፣ ሲበቃው «ዷ!» አለ። ክዳኑ፣ ፌስታሉ፣ ካላማዳሪያው፣ ምርጊቱ በአንድ ላይ ሰማይ ወጡ። ጥቁሩ ነገር እንደ ምንጭ ተነሥቶ ፊቴ ላይ፣ ጸጉሬ ላይ፣ «እእእ» ብዬ የከፈትኩት አፌ ውስጥ ገባ። ዋጥኩት። እውነቱን ለመናገር መጥፎ አልነበረም፤ ጌሾ ያነሰው ጠላ ይመስላል። የቀረው እዚያው ኩሬው ውስጥ ገብቶ በዙሪያዬ አረፋ አወጣ።

ምስራቅ ደረቷን ይዛ ከላይ ትጮኻለች፤ «እማዬ! ውስጥ ነው የፈሰሰው? ሁሉም ውስጥ ነው?»

«ሁሉም!» አልኳት ጥቁር እየተፋሁ። «የዋጥኩት ሲቀር!»

ያን ጊዜ ነው «ደህና ነሽ?» ያለችው። ቅደም ተከተሉን አስተውያለሁ። ግን ልጅ ናት፣ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፣ ይቅር ብያታለሁ።

በገመድ አወጡኝ። በማጠቢያው ቧንቧ ሥር አቁመው እንደ ቡና አጠቡኝ፤ ከድር በትሕትና ፊቱን አዙሮ «ደረጃዋ ስንት ይሆን?» እያለ ያሾፋል። ጆንያ ደርቤ ቁጭ ስል እንባዬ መጣ።

«ምስራቅ፣ ዋጥኳቸው። ቆሻሻ ነው የሚበሉት ብለሽኛል። አሁን አንጀቴን ቆሻሻ ነው ብለው ቢጀምሩትስ?»

አጠገቤ ተንበረከከች። «እማዬ፣ እርጎሽን የሚያረጋው ማነው? ሊጥሽን የሚያቦካው ማነው? የእትዬ ዘነበችን ጠላ የሚያፈላውስ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እርሾው ነዋ።»

«እርሾው ውስጥ ያሉት የነዚህ ዘመዶች ናቸው። ዕድሜሽን ሙሉ ስታሳድጊያቸው ነው የኖርሽው።»

ይሄ ነገር ከጀሪካኑ በላይ ነው የመታኝ። በየሦስት ቀኑ እርሾ እያስቀረሁ፣ ዱቄት እያበላሁ፣ ብርድ እንዳይነካቸው እያለበስኩ፣ ለካ እነሱን ስጦር ነው የኖርኩት። ስማቸውን ስላልጠየቅኩ ብቻ አላወቅኳቸውም። ግድግዳው ላይ ያለው ጸጉራሙ ክፉ ዘመድ ነው እንጂ ቤተሰቡ በሙሉ ክፉ አይደለም። የሰውም ቤት እንዲሁ ነው።

«እኔን የሚያሰጋኝ ጀሪካኑ አይደለም» አለች ምስራቅ ቀጥላ። «የኩሬውን ውሃ መዋጥሽ ነው።»

ልጄ ማጽናናት የምትችለው ግማሽ መንገድ ድረስ ነው።

ከድር ባጃጁን በሰው አስጎትቶ አውጥቶ ነበርና ሁላችንም ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ወረቀት አውጥታ «ምን ጠጡ?» አለችኝ። ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ማን አጠጣዎት?» አለች። «ራሴ» ስላት ምስራቅን በጥርጣሬ አየቻት። ሆዴን ነካካች፣ ሙቀቴን ለካች፣ «ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ» ብላ ላከችኝ።

ቤቴ ተኛሁ። እትዬ ዘነበች አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብለው «እኔ ጋን ብዬ ነበር፣ ፕላስቲክ መቼ አልኩ?» ይላሉ። ሆዴ ትንሽ በጮኸ ቁጥር እነሣለሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ፍርሃቱ ሰለቸኝና ሆዴን በእጄ ይዤ አነጋገርኳቸው፤ «ስሙ፣ የመጣችሁት ለሥራ ነው። ኩሬው ውስጥ ያሉት ወንድሞቻችሁ እንደሚሠሩ፣ እናንተም እዚህ ያለውን የኩሬ ውሃ ብሉልኝ። ስትጨርሱ ደግሞ በሰላም ተበተኑ።» እትዬ ዘነበች ሰምተው ጸበል አመጡልኝ። ጠጣሁት፤ ብዛቱ አይጎዳም።

ሳምንት ሞላኝ። ትኩሳት የለ፣ ተቅማጥ የለ። እኔ ግን አላመንኩም፤ በሽታው የሚያዘናጋኝ መስሎኝ ጠበቅኩት። ሁለተኛው ሳምንት ደግሞ የሌላ ጭንቀት ሳምንት ነበር። ባለሙያዎቹ የሚመጡበት ቀን ምስራቅ ማለዳ ደውላ «ዛሬ ናቸው» ብላ ዘጋች። እኔ ስልኩን ጉያዬ ውስጥ ይዤ ዋልኩ። ቀኑ አይመሽም። በሽታ ሆዴ ውስጥ ይሁን ስልኩ ውስጥ መለየት አቃተኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ!»

«ማሽኑ ቆመ?»

«አልቆመም! በጠርሙስ ቀዱ፣ አዩት፣ አንዱ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ቀና አለ። ፊቱን አላጨማደደም እማዬ! ገና ይቀረዋል፣ ግን ቀጥሉበት አሉ። ማሽኑ አሁን እየሠራ ነው፣ ስሚው!»

ስልኩን ወደ ማሽኑ አዞረችልኝ። ግርርር ይላል። እንዲህ የሚያምር ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

ስልኩን ስዘጋ እጄ ሆዴ ላይ ነበር። ጸጥ ብሏል። ተነሣሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ፣ ማድቤቱንም ከፍቼ ዶሮዎቼን መለስኩ። ልጄ ሥራዋ ላይ ናት። እኔም ምንም አልሆንኩም። ድኛለሁ።